የፍርድ ቤት ሥራ ቅጣት በመወሰን አያበቃም

የእስረኞች አያያዝ በችሎት በተነሳ ቁጥር አንድ መከራከሪያ ይቀርባል፦ «ይህ የፖሊሲና የበጀት ጉዳይ ነው፤ ዳኛ ማረሚያ ቤት አያስተዳድርም»። በአሜሪካዋ የካሊፎርኒያ ግዛት የሆነውን ላጤነ ሰው ይህ ክርክር አያስኬድም።

የግዛቲቱ ማረሚያ ቤቶች የተሠሩት ለ80 ሺህ ያህል ሰው ሲሆን፣ እስረኞች በግዛቲቱ ላይ የመሠረቱት ክስ በተሰማበት ወቅት 156 ሺህ ገደማ ታጉረውባቸው ነበር። እስከ 54 እስረኛ አንድ ሽንት ቤት ይጋራ ነበር። ራሱን ሊያጠፋ ይችላል ተብሎ የተፈራ ሕመምተኛ፣ አልጋ ስለማይገኝለት፣ የስልክ ማነጋገሪያ ክፍል በምታክል የብረት ፍርግርግ ውስጥ ይቆለፍበት ነበር። አንድ የሥነ አእምሮ ባለሙያ ያገኙት እስረኛ በዚያ ውስጥ ወደ 24 ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ቆይቶ፣ በገዛ ሽንቱ ላይ ቆሞ፣ ሲያናግሩት እንኳ አይመልስም ነበር። ኃላፊዎቹ «እሱን የምናስቀምጥበት ቦታ የለንም» አሉ። ይህ ሰው የተፈረደበት እስራት ነው፤ ይህን ግን ማንም ዳኛ አልፈረደበትም።

ፖለቲከኞቹ ለምን አላስተካከሉትም? ለእስረኛ የተከራከረ ተመራጭ ድምፅ ያጣል እንጂ አያገኝም። የአእምሮ ሕሙማኑ እስረኞች ክስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ ከዚያ በኋላ ትእዛዝ በትእዛዝ ላይ ቢደረብም ለውጥ አልመጣም። በመጨረሻ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግንቦት 2011፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ የእስረኛው ቁጥር በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ማረሚያ ቤቶቹ አቅም 137.5 በመቶ እንዲወርድ የተሰጠውን ትእዛዝ አጸና። ዳኛ ስካሊያ በልዩነት ሐሳባቸው አጥብቀው ተቃወሙ፤ ዳኞች ከሥራቸው ውጭ ገቡ ሲሉ። ስጋታቸውን አልንቀውም። ሆኖም ፍርድ ቤቱ እነ እገሌ ይፈቱ አላለም፤ ጣሪያውን አስቀምጦ መንገዱን ለግዛቲቱ ተወ። ግዛቲቱም ቀለል ባለ ወንጀል የሚፈረድባቸው ሰዎች በግዛቲቱ ማረሚያ ቤት ፋንታ በየካውንቲው (በየአውራጃው) እስር ቤት እንዲታሰሩ የሚያደርግ ሕግ ሥራ ላይ አዋለች። አንዳንዱ የካውንቲ እስር ቤት በዚሁ ተጨናንቆ ነበር፤ ቢሆንም ሃያ ዓመት የተቆለፈው ጉዳይ የተንቀሳቀሰው በዚያ ፍርድ ነው።

እኛም ጋ ሕጉ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ሰብዓዊ ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ ያዛል፤ አንቀጽ 13 ደግሞ መብቶቹን የማስከበር ግዴታ በፍርድ ቤቶችም ላይ ይጥላል። ስለዚህ ታራሚ «ሕክምና ተከለከልኩ» ብሎ አቤት ሲል፣ ማረሚያ ቤቱ መልስ ይስጥበት ብሎ ቀጠሮ መስጠት ብቻ አይበቃም። ዳኛው ታራሚው በሐኪም እንዲታይ ይዘዝ፤ ትእዛዙ የሚፈጸምበትን ቀን ይቁረጥ፤ በዚያ ቀን ካልተፈጸመም ኃላፊው ራሱ ችሎት ቀርቦ ምክንያቱን ያስረዳ።