«ስትወልጂ ይተውሻል» ሕክምና አይደለም

በየወሩ አልጋ ላይ የሚጥላት ሕመም ያለባት ልጅ የምትሰማው መልስ ያው ነው፦ «አይዞሽ፣ ስትወልጂ ይተውሻል»። እናቶችና አክስቶች ይህን የሚሉት በክፋት አይደለም። እነሱም ሲባሉ የኖሩት ይህንኑ ነው። ሕመሙ ኢንዶሜትሪዮሲስ ከሆነ ግን ምክሩ ዕድሜዋን ይበላል።

የማሕፀንን የውስጥ ግድግዳ የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማሕፀን ውጭ ሲያድግ ነው ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለው። እንቁላል ማምረቻው ላይ፣ አንጀት ላይ፣ ፊኛ ላይ ሊወጣ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉን እንደሚይዝ ይገምታል። ብዙዎቹን ማርገዝም ይቸግራቸዋል። ታዲያ ማርገዝ ላቃታት ሴት «ውለጂና ይሻልሻል» ምን ይባላል?

ነቅሎ የሚያጠፋው መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ሕመሙን የሚይዝ ግን አለ፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ብዙው በየጤና ጣቢያው መኖሩ ነው። የሦስት ወሩ መርፌ (ዲፖ)፣ ክንድ ላይ የሚቀበረው፣ በየቀኑ የሚዋጠው እንክብል። የምናውቃቸው በወሊድ መቆጣጠሪያነት ነው። ሆርሞናቸው ግን ያንን ሕብረ ሕዋስ ያዳክመዋል፤ ደሙ ይቀንሳል፣ ሕመሙም ይቀላል። አሜሪካ ከቆዳ ሥር የሚወጋውን የዲፖ ዓይነት ለዚሁ ሕመም የፈቀደችው እንደ አውሮፓውያን በ2005 ነው።

ያላገባች የ18 ዓመት ልጅ ግን «የቤተሰብ ምጣኔ» የሚል በር ፊት መሰለፍ አለባት። የሰፈር ሰው እንዳያያት ሻርፗን ፊቷ ላይ ትስባለች። ወረፋው ሳይደርስ ተነሥታ የምትሄድም አለች። ለምን እዚያ ትላካለች? የመረመራት ሐኪም «ይህ የሕመምሽ መድኃኒት ነው» ብሎ እዚያው ቢያዝላት፣ ለእናቷም ቢያስረዳ ምን ይጎዳል?

ጣጣ የለውም አልልም። ደሙ ሊዘበራረቅ ይችላል። መርፌው ከቆመ በኋላ ለማርገዝ ወራት ሊወስድ ስለሚችል፣ ቶሎ መውለድ ለምትፈልግ አይሆንም። በትንሽ ቀዳዳ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ለአንዳንዶች ትልቅ እፎይታ ነው፤ ግን ባለሙያውና መሣሪያው በየቦታው አይገኝም፣ ሕመሙም ሊመለስ ይችላል። ማሕፀን ማውጣት ደግሞ ሌላው ሁሉ ሳይሞከር መነሣት የሌለበት ነገር ነው።

የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ሐኪሞች ማኅበር በ2022 መመሪያው፣ ሕክምና ለመጀመር በቀዶ ሕክምና ማረጋገጥ ግድ እንዳልሆነ አስፍሯል። ስለዚህ ሕመሙ የሚጀምርበትን ቀን፣ ከትምህርት ወይም ከሥራ ያስቀራትን ቀን ማስታወሻ ላይ ይዛ የመጣች ልጅን፣ ሐኪሙ «መውለድ የምታስቢው መቼ ነው?» ብሎ ጠይቆ በዚያው ቀን ሊያስጀምራት ይችላል።