ለጅቡቲ ዓሣ ማጥመድ ክረምትን አትምረጡ

ስለ ጅቡቲ ዓሣ ማጥመድ የወጣው ጽሑፍ ደስ ይላል። ግን «ትምህርት ሲዘጋ፣ በክረምት ጅቡቲ ወርዳችሁ ከባሕሩ ዳርቻ ዓሣ አጥምዱ» የሚለው ምክር አልተዋጠልኝም። እኛ እዚህ ፒያሳ ጃኬት ደርበን ጭቃ ስንዘል፣ እዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ካምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ደግሞ አቧራውን ይዞ ፊት ይገርፋል። ቀን ላይ የዳሩ ውሃ ሲግል ትልልቆቹ ዓሦች ወደ ጥልቁ ገባ ይላሉ። ከኅዳር እስከ የካቲት ይሻላል። በነገራችን ላይ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ብቅ ይላል፤ እሱ ግን ለማየት ብቻ ነው!

ወሩን ከመረጣችሁ በኋላ ሰዓቱን እዩ። ውሃው ወደ ዳር እየሞላ ሲመጣ ትንንሾቹ ዓሦች አብረውት ይገባሉ፤ አዳኞቹም ከኋላ ከኋላቸው። ሙላቱ የሚበረታው ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ነው። የእኛ ካላንደር በፀሐይ ስለሚሄድ ይህን አያሳያችሁም። በጨረቃ የሚሄደውን የሂጅራ (የእስልምና) ካላንደር ያዙ፤ ወሩ ሲገባና 15 ገደማ ማለት ነው። ሙላቱ ከንጋት ጋር ከገጠመላችሁማ ምን ቀራችሁ!

ስትመለሱ መሣሪያውን በንጹህ ውሃ እጠቡት። ጨው ብረቱን ቶሎ ይበላዋል።