ጎካርና ስትሄዱ ቅድሚያ ለተሳላሚው

የሕንድ ባሕር ዳርቻ ሲነሳ ሁሉም የሚጠራው ጎዋን ነው። ጭፈራውና ግርግሩ የሰለቸው ሰው ግን ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ካርናታካ ግዛት ወዳለችው ጎካርና ይሄዳል። የባንጋሎር ወጣቶች አርብ ማታ አውቶቡስ ተሳፍረው ቅዳሜ ጠዋት እዚያ ናቸው። አልፈርድባቸውም፣ ባሕሯ ያምራል። ቅር የሚለኝ ብዙው ሰው ከተማዋን ረግጧት ማለፉ ነው።

ጎካርና ከሂንዱ ታላላቅ አማልክት አንዱ የሆነው የሺቫ ከተማ ናት። በአፈ ታሪኩ የላንካው ንጉሥ ራቫና ከሺቫ የተቀደሰ ድንጋይ ይቀበላል። አገሩ እስኪገባ መሬት እንዳያስነካው ተነግሮታል። እዚህ ሲደርስ መሸና የጸሎት ሰዓቱ ሆነ። ድንጋዩን መንገድ ላይ ላገኘው ልጅ «ያዝልኝ» ብሎ ሰጠው። ልጁ ግን ራሱን የለወጠው የሺቫ ልጅ፣ አምላኩ ጋኔሽ ነበር፣ መሬት ላይ አስቀመጠው። ራቫና ቢጎትት፣ ቢታገል፣ ወይ ፍንክች! የማሃባሌሽዋር ቤተ መቅደስ ያንን ድንጋይ እንደያዘ ምእመናኑ ያምናሉ።

ስለዚህ ከተማዋ ሥር ያለው ባሕር ለእነሱ መዝናኛ አይደለም። ተሳላሚው መጀመሪያ ባሕሩ ውስጥ ይነከራል፣ ከዚያ ወደ መቅደሱ ይሄዳል። አሸዋው ላይ ከካህን ፊት ቁጭ ያለ ሰው ታያላችሁ። ከፊት ለፊቱ በቅጠል ላይ የተድበለበለ ሩዝና ሰሊጥ አለ። ለሞቱት ወላጆቹ የሚያቀርበው ነው። እናትና አባቱን የቀበረ ሰው ላይ ስልክ መደገን በየትም አገር ነውር ነው። በዋና ልብስ በመሀላቸው መመላለስም ያው ነው።

መቅደሱ ጋ ጫማ ይወልቃል፣ ወንድ ሸሚዙንም ያወልቃል። ሂንዱ ያልሆነ ሰው ወደ ውስጠኛው ክፍል አይገባም። ቅር አይበላችሁ። መቅደስ ሁሉም ዘው የማይልበት ቦታ መሆኑ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ለመዋኘትማ ቦታ ሞልቷል። ኮረብታውን ተሻግራችሁ ኩድሌ የሚባለውን የባሕር ዳርቻ ታገኛላችሁ፣ ቀጥሎ ኦም፣ ከዚያ ሃፍ ሙን፣ መጨረሻ ላይ ፓራዳይዝ። ኦም አናት ድረስ ባጃጅ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ወይ በእግር ገደል ገደሉን፣ ወይ በጀልባ ነው። ጸጥታውን ያቆየላቸው ይኼ ነው። የአስፋልት መንገድ ይግባላቸው የሚለውን ሐሳብ አጥብቄ እቃወማለሁ፤ መኪና በገባ ማግሥት ሙዚቃውና ፎቁ ይከተላል።

ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ዝናቡ ከባድ ነው፣ ባሕሩም ይቆጣል። ጎበዝ ዋናተኛ ነኝ ብሎ መግባት ሕይወት ያስከፍላል። ጥሩው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው።

በየካቲት ወይም በመጋቢት ሺቫራትሪ የሚባለው የሺቫ በዓል ይውላል። ዋናው ጎዳና ላይ የሚቆመው ግዙፍ የእንጨት ሠረገላ በሕዝብ ተጎትቶ ይወጣል። ያን ሰሞን ከሄዳችሁ ኩድሌ እደሩ። ቤተ መቅደሱ አጠገብ ያለውን አልጋ ከሩቅ ለመጡት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ተዉላቸው።