ሲመቸን እንገናኝ

በየዓመቱ መጋቢት 11 ዓለም አቀፉ የደስታ ቀን ነው። በዚያ ሰሞን «የዓለም የደስታ ዘገባ» የሚባለው የአገሮችን የደስታ ደረጃ ያወጣል። ፊንላንድ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንደኛነቱን ይዛዋለች፤ በ2025ቱ ዘገባ ስምንተኛ ጊዜዋ ሆነ። አሜሪካ በዚያው ዘገባ 24ኛ ወጣች። ዘገባው ከተጀመረበት ከ2012 ወዲህ እንዲህ ዝቅ ብላ አታውቅም ነበር። ኢትዮጵያ ግን ከዝርዝሩ ታችኛው ክፍል ናት።

ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል። ዋሽንግተን አካባቢ ያለን ሰዎች «እንዴት ነው ነገሩ? አገር ቤት እኮ ሰው ይስቃል፣ ይጫወታል። ፊቱን ጥሎ የሚሄደው እዚህ ያለው ነው» እንላለን። አገር ቤት ያሉት ደግሞ «መብራት አይጠፋባችሁ፣ ውኃ አይቋረጥባችሁ፤ ምን ጎድሏችሁ ነው የምታማርሩት?» ይሉናል።

ሁለቱም ወገን እውነት አለው። የዘገባው ጥያቄ ስለ ሳቅ አይደለም። መሰላል አስብ ይልሃል፤ ከታች 0፣ ከላይ 10። ለአንተ ከሁሉ የተሻለው ኑሮ ከላይ፣ የከፋው ከታች ቢሆን፣ አሁን የትኛው ላይ ቆመሃል? ይሄ ነው ጥያቄው። ኪራይ በላይ በላዩ የሚጨመርበት፣ የጤፍና የዘይት ዋጋ እንቅልፍ የሚነሳው ሰው «ስምንት ላይ ነኝ» አይልም። እንዲልም መጠበቅ የለብንም። ለዚህ ነው «ገንዘብ ምን ያደርጋል፣ ዋናው ደስታ ነው» የሚለውን የዲያስፖራ ምክር የማልወደው። ገንዘብ ብዙ ነገር ያደርጋል። እናቱን ማሳከም ያቃተው ሰው ፊት እንዲህ ብሎ መናገር ነውር ነው።

ግን ሌላም ሰው አለ። ኪራዩ ተከፍሏል፣ ፍሪጁ ሞልቷል፣ መኪናው ደጅ ቆሟል፤ ልቡ ግን ጨልሟል። እዚህ እንዲህ ያለን ብዙ ነን። አዲስ አበባም እየበዛ ነው። ዛሬ የምጽፈው ለዚህ ሰው ነው።

«እዚህ አገር ፍቅር የለም» ሲባል ሁሌ እሰማለሁ። አልቀበለውም። ከመሃላችን ሰው ሲሞት በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያለው ሐበሻ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ብሩ እንዴት ቶሎ እንደሚዋጣ ያየ ሰው ፍቅር የለም አይልም። የጠፋው ሌላ ነገር ነው።

አገር ቤት ከሰው ጋር መገናኘት ለየሰዉ ስሜት የተተወ ነገር አልነበረም። በወር በወሩ የሚጠጣ ማኅበር አለ። እቁብ አለ፤ ቀኑ ደርሶ ዕጣው ይወጣል። እድር አለ፤ ከቀብር ብትቀር መቅጫ ትከፍላለህ። ጎረቤት «ቡና ጠጡ» ብላ ልጅ ትልካለች፤ ብትቀሪ «ምን ሆነች? ተቀየመችን እንዴ?» ትባያለሽ። ደስ ቢልሽም ቢከፋሽም ትሄጃለሽ። ጥቅሙ የሚታየው ደግሞ ከፍቶሽ የሄድሽ ዕለት ነው።

እዚህ ስንመጣ ያ ሁሉ ግዴታ ከላያችን ወረደ። እውነት ለመናገር እፎይ ያልነው ብዙዎች ነን። «ለምን አላገባህም? ለምን አልወለድሽም?» የሚል የለም። ስትገቢ ስትወጪ የሚያይሽ የለም። ይሉኝታ ቀለለ። ከዚያ በምትኩ «ሲመቸን እንገናኝ» መጣ።

አንዱ ሌሊት ፓርኪንግ ይሠራል። አንዷ ቅዳሜና እሁድ አረጋውያን መጦሪያ ደብል ፈረቃ ትገባለች። ሌላው ኡበር ነው፤ ሰው የሚዝናናበት ሰዓት ለሱ የሥራ ሰዓት ነው። ለሦስቱም የሚመች ቀን በራሱ ጊዜ አይመጣም። የሃያ ደቂቃ መንገድ ተራርቀው እየኖሩ ለቅሶ ላይ ብቻ የሚተያዩ አብሮ አደጎች አውቃለሁ። «ጠፋህ!» «አንተ ነህ እንጂ የጠፋኸው!» ይባባላሉ። ስልክ ይለዋወጣሉ። በቃ፣ እስከሚቀጥለው ለቅሶ።

ይሄ የናፍቆት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጤናም ነው። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ1938 የጀመረው ጥናት 724 ወንዶችን ከወጣትነት እስከ እርጅና ተከታትሏል። ከፊሎቹ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች፣ የቀሩት የቦስተን ድሃ ሰፈር ልጆች ነበሩ። በ50 ዓመታቸው ከሰው ጋር ባላቸው ግንኙነት ይበልጥ የረኩት ናቸው በ80 ዓመታቸው ጤናቸው የተሻለ ሆኖ የተገኘው። የ2025ቱ የደስታ ዘገባ ደግሞ ስለ ማዕድ ያነሳል። በ2023 ከአራት አሜሪካውያን አንዱ ባለፈው ቀን የበላውን ሁሉ የበላው ብቻውን ነው። ይህ ቁጥር ከ2003 ወዲህ በ53 በመቶ ጨምሯል። ይህን ሳነብ መኪና ውስጥ መሪው ላይ ተደግፈው ምሳ የሚበሉ የኛ ሰዎች ናቸው ዓይኔ ላይ የመጡት።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ያየሁትንና የሚሠራውን ልንገራችሁ።

አሌክሳንድሪያ ውስጥ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት ቡና የሚጠጡ ሴቶች አሉ። ቀኑን የመረጡት ለሁሉም ስለሚመች አይደለም። ለብዙዎቹ ስለሚሻል ነው፤ ሁለቱ ፈረቃቸውን በግድ አስለውጠዋል። ቤቱ በተራ ነው። ቡናው ሲቆላ የጭስ ማንቂያው እንዳይጮህ መስኮቱ ይከፈታል፣ አንዷ ወንበር ላይ ወጥታ በፎጣ ታርገበግባለች። ጀበናው ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ይጣዳል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሳይዘለል።

ሦስት ደንብ አላቸው። የመጀመሪያው፣ ባለተራዋ ምግብ አትሠራም። ቡና፣ ፈንዲሻ፣ ቆሎ፣ ቢበዛ ዳቦ። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው እላለሁ። እዚህ አገር መጠያየቃችንን የገደለው ድግስ ነው። ሰው ከጠራን ዶሮው፣ ክትፎው፣ ቀይ ወጥና አልጫው ካልተደረደረ የጠራን አይመስለንም። ሦስት ቀን ጉድ ጉድ ይባላል። እንዲህ የደከመ ሰው በዓመት አንዴ ከጠራ ትልቅ ነገር ነው። እንግዳውም ብድሩን ፈርቶ ይሸሻል። ቆሎ አቅርቦ የሚጠራ ሰው ግን ሳምንት ሳምንት መጥራት ይችላል።

ሁለተኛው፣ የምትቀር ሰው ደውላ ትናገራለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት የሚቆላውን ቡናም ይዛ ትመጣለች። መቅጫ መሆኑ ነው። ሦስተኛው፣ ከተቀመጡ ሁለት ሰዓት ሲሞላቸው ይበተናሉ። ልጅ ከትምህርት ቤት የምታመጣ አለች፣ ማታ ሥራ የምትገባ አለች። መውጫው ስለሚታወቅ ማንም መምጣቱን አይፈራም።

ከመሃላቸው አንዷ ባሏን ያጣች ናት። ሲመቻት ትምጣ ቢባል ኖሮ እስከ ዛሬ እንደማትመጣ ነግራኛለች። በሐዘኗ ሰሞን ምንም አይመቻትም ነበር። ተራዋ ግን ደረሰ፤ ስለዚህ ቤቷን ጠረገች፣ ስኒውን አጠበች፣ በሩን ከፈተች።

ወንዶች ይሄ የሴቶች ነገር ነው እንዳትሉ። እሁድ ጠዋት አብሮ መራመድ ይቻላል። በታኅሣሥ ዋሽንግተን ውስጥ ፀሐይ ከአመሻሹ አሥራ አንድ ሰዓት በፊት ትጠልቃለች፤ ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው ፀሐይ ሳያይ ሳምንት ያልፈዋል። ከአንድ ጓደኛ ጋር የአርባ ደቂቃ የቀን እርምጃ በየወሩ ከሚከፈልለትና ማንም ከማይሄድበት ጂም ይሻላል። አዲስ አበባ በዚህ ቀድማናለች። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ መኪና የማይገባበት «መንገድ ለሰው» ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰውን አደባባይ አውጥተውታል።

ስለ ገንዘብ መላክም አንድ ነገር ልበል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ የኤልዛቤት ደንና የባልደረቦቿ ጥናት አለ። ሰዎች ጠዋት 5 ወይም 20 ዶላር ተሰጣቸው። ግማሾቹ ለራሳቸው፣ ግማሾቹ ለሌላ ሰው እንዲያወጡት ተነገራቸው። ማታ ይበልጥ የተደሰቱት ለሌላው ያወጡት ናቸው፤ የገንዘቡ ማነስና መብዛት ለውጥ አላመጣም። ይህን ለኢትዮጵያዊ መንገር አያስፈልግም። ታዲያ ለምንድን ነው በየወሩ እየላክን የምንማረረው? ስልክ በጮኸ ቁጥር ልባችን የሚደነግጠው? መስጠቱ ጭንቀት ውስጥ ስለገባ ነው። ማን፣ መቼ፣ ስንት እንደሚጠይቅ አይታወቅም። ላኪው ይሸሻል፣ ተቀባዩ ይሳቀቃል፣ መሃል ላይ ዝምድናው ይጎዳል።

መፍትሔው ቁርጥ ማድረግ ነው። የምችለው ይህን ያህል ነው፣ በወሩ በዚህ ቀን ይደርሳል ብሎ በግልጽ መናገር። የመጀመሪያው ወር ላይ ቅሬታ ይኖራል። ከዚያ ሁለቱም ወገን ያርፋል። ከዚያ በተጨማሪ ብር የማይነሳበት ስልክ ያስፈልጋል። ለእናት ደውሎ «ዛሬ ምን ሠራሽ? ዝናቡ እንዴት ነው? የጎረቤት ልጅ ተዳረች ወይ?» ብሎ መዝጋት። እናቶች በዚህ ስልክ እንዴት እንደሚደሰቱ የደወለ ያውቀዋል። የደዋዩም ቀን ይቃናል።

ስልክ ካነሳን አይቀር፣ ማታ ማታ ቲክቶክ ላይቭ ላይ የሚያመሹ ወገኖቼ ያሳስቡኛል። አገር ሲታመም ማዘን ትክክል ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ስድብ መስማት ግን እዚያ መከራ ላይ ላለው ሰው ምንም አይጨምርለትም። ለወሬ በቀን አንድ ሰዓት ይበቃል። የቀረው ሰዓት ለእንቅልፍ ይሁን።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መለየት አለበት። ሳምንታት የዘለቀ ድባቴ፣ እንቅልፍ ማጣትና የምግብ ፍላጎት መዘጋት፣ መኖርን መጥላት ሲመጣ ይሄ የቡና ጉዳይ አይደለም፤ በሽታ ነው፣ ሐኪም ይፈልጋል። ጠበልና ጸሎትም ሐኪም አይከለክሉም። አሜሪካ ያለ ሰው በማንኛውም ሰዓት 988 ደውሎ እርዳታ ማግኘት፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ይችላል። ይህን ቁጥር በስልካችሁ መዝግቡት፤ ለራሳችሁ ባያስፈልግ ለጎረቤት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ ልመለስ። ባለፈው ስሄድ ያረፍኩት ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው። የብረት በሩን ዘግቶ የተቀመጠው ሰው ብዛት አሜሪካን አስታወሰኝ። ደረጃ ላይ ሰላም ይባባላሉ እንጂ ስም አይተዋወቁም። አንዱ ከፒያሳ በልማት ተነስቶ የመጣ ነው፣ እድሩም ቡናውም እዚያው ቀርቶበታል። አንዱ ተከራይ ነው፤ ነገ ልወጣ እችላለሁ ብሎ ከማንም አይቀራረብም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዓት ቆሞ የመጣ ሰው ደግሞ ቤቱ ሲገባ ስልኩን ብቻ ይከፍታል። ኮንዶሚኒየሞቹ ሲሠሩ ሰው አብሮ እንዲያርድ፣ እንዲያጥብ፣ እንዲደግስ የጋራ መገልገያ ሕንፃ ተሠርቶላቸው ነበር። ብዙዎቹ ዛሬ ለሌላ ሥራ ውለዋል።

እኛ ባረፍንበት ብሎክ ግን ምድር ቤት የሚኖሩ እናት ቅዳሜ ከሰዓት ደረጃው ሥር ከሰል ያያይዛሉ። ቡናው በፎቅ ተራ ነው፤ አንድ ሳምንት አንደኛ ፎቅ፣ ሌላ ሳምንት ሁለተኛ ፎቅ ያዋጣል። ተከራይ፣ ባለቤት ብሎ ልዩነት የለም። አራተኛ ፎቅ የምትኖር ወጣት የባንክ ሠራተኛ አገኘሁና «ሁሌ ትመጪያለሽ?» አልኳት።

«ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሠርቼ ስገባ መተኛት ነው የምፈልገው» አለችኝ። «ካልወረድኩ ግን እማማ ራሳቸው አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው ያንኳኳሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ስለዚህ ሳያንኳኩ እወርዳለሁ።»

ከወረደች በኋላ ግን እስከ በረካ አልተነሳችም።