የማዘዣ ወረቀት ከዋርድ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ ተኝተው ለሚታከሙ ሰዎች መድኃኒት በወረቀት ማዘዝ ይቅርና በኮምፒውተር ብቻ ይሁን። ደጋፊው የሆስፒታል ፋርማሲስት ነው፤ ተቃዋሚዋ የዋርድ ነርስ።

ፋርማሲስቱ፦

የወረቀት ማዘዣ ስሕተት ያረጀ ነው፤ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። «5.0 ሚ.ግ.» ተጽፎ ነጥቧ ስትደበዝዝ 50 ይነበባል። ከፊቷ ዜሮ ያልተጻፈላት «.5» 5 ትሆናለች። ኢንሱሊን ሲታዘዝ ከ10 ኋላ የሚጨመረው «ዩ» የተባለው የላቲን ፊደል ክብ ሆኖ ከወጣ፣ የታዘዘው 100 ዩኒት ይመስላል። ሦስቱም የዐሥር እጥፍ ስሕተቶች ናቸው፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን ጠንቅቆ ቢያውቅም ከእጅ ጽሑፉ አያመልጥም።

ሕፃናት ክፍል ደግሞ ሒሳቡ ይጨመራል። 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ቢታሰብለት 180 ሚሊ ግራም ይደርሰዋል። በእጅ ያለው ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም የያዘ ከሆነ የሚሰጠው 7.5 ሚሊ ሊትር ነው። ይህ ቀላል ሒሳብ ነው፤ ግን ሌሊቱ ሲጋመስ፣ አንዲት ነርስ ለብዙ አልጋ ስትሮጥ፣ ቀላል ሒሳብ የሚባል ነገር የለም። የኮምፒውተር ማዘዣው ሲስተም ክብደቱን ይዞ ራሱ ያሰላል፣ አለርጂም ካለ ያስታውሳል።

ማስረጃም አለ። በቦስተኑ ብሪገም ሆስፒታል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት፣ ነርሶች የመድኃኒቱንና የታካሚውን የእጅ አምባር ባርኮድ በስካነር እያነበቡ ሲሰጡ፣ ከሰዓት መዛነፍ ውጭ ያሉት የአሰጣጥ ስሕተቶች ከ11.5 በመቶ ወደ 6.8 በመቶ ወርደዋል።

ነርሷ፦

ወንድሜ ያመጡት ቁጥር የባርኮድ ነው እንጂ የማዘዣ አይደለም። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ባርኮዱ የሚመሰክረው በእጄ ያለው መድኃኒት ከታዘዘው ጋር መግጠሙን ብቻ ነው። ትእዛዙ ራሱ የተሳሳተ ከሆነ ባርኮዱ ስሕተቱን «ትክክል» ብሎ ያጸድቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ2013 በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሆነውን እንይ። ታካሚው 38.6 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ነበር። የሚያስፈልገው ሴፕትራ ከተባለው አንቲባዮቲክ አንድ ባለ 160 ሚሊ ግራም ኪኒን ነው። ከ40 ኪሎ በታች ለሆነ ሰው ሲስተሙ የሚጠይቀው «ሚሊ ግራም በኪሎ» ስለነበር፣ ሐኪሟ 160 ብላ ስትጽፍ 160 በ38.6 ተባዛ፤ 6,176 ሚሊ ግራም፣ 38 ተኩል ኪኒን። መጠኑ በዛ የሚል ማንቂያ መጣ፣ ታለፈ። ፋርማሲ ዘንድም መጣ፣ ታለፈ። ሮቦቱ ቆጥሮ አሸገ። ነርሷ ብዛቱ ገርሟት ስካነሩን ብታስጠጋ ልክ ነው አላት። ልጁ አንዘፈዘፈው፤ ደግነቱ ተረፈ። ወረቀት ላይ «38 ተኩል ኪኒን» ብሎ የሚጽፍ ሐኪም ማን ነው?

ፒትስበርግ ደግሞ ከዚህ ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የሕፃናት ሆስፒታሉ በ6 ቀን ውስጥ ወደ ኮምፒውተር ማዘዣ ዞረ። ከሌላ ቦታ ተልከው ከመጡት ሕፃናት መካከል የሞቱት ከ2.80 በመቶ ወደ 6.57 በመቶ አሻቀቡ። ቀድሞ ልጁ ገና መንገድ ላይ እያለ መድኃኒቱ ይዘጋጅለት ነበር፤ ከለውጡ በኋላ ደርሶ፣ ተመዝግቦ ካልገባ ማዘዝ አልተቻለም። በእጅ ጥቂት ሰከንድ የሚፈጀው ማዘዣ አንድና ሁለት ደቂቃ ወሰደ።

እኛ ጋ ደግሞ ሰዓቱ አለ። ሲስተሙ «8:00» ሲል ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ነው። በሀበሻ አቆጣጠር ያነበበች ነርስ ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ትሰጣለች፤ አንቲባዮቲኩ በ6 ሰዓት ዘገየ ማለት ነው። የልደት ዓመትም እንዲሁ፦ በ2010 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ 2010 ተብሎ ከተመዘገበ 7 ወይም 8 ዓመት ያረጃል፤ በዕድሜ የሚሠራ ማንቂያ ሁሉ ያኔ ዝም ይላል።

ፋርማሲስቱ፦

ስለ ባርኮዱ ሲስተር ልክ ነዎት፤ ሁለቱን ቀላቅያለሁ። ፒትስበርግን ግን ብቻውን አይጥሩት። የሲያትል የሕፃናት ሆስፒታል ያንኑ ምርት ሲተክል ሞት አልጨመረም። ለጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚደጋገሙትን ትእዛዞች አስቀድሞ በጥቅል አዘጋጅቶ ነበር፤ ሐኪሙ አንድ በአንድ መፈለግ አላስፈለገውም። ስለዚህ ጥፋቱ የአተካከል ነው።

ሳን ፍራንሲስኮም ያስተማረችው ትምህርት አለ፤ ያን ቀን የጎደለው ማንቂያ አልነበረም፣ ማንቂያማ በዝቶ ነበር። ቀኑን ሙሉ ለረባም ላልረባም የሚጮኽ ሲስተም ሰውን ያለማምደዋል፤ ዐይን ሳያነብ ጣት «እለፍ»ን ይጫናል። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ተራ ማሳሰቢያውን መጥረግ፣ ለእያንዳንዱ መድኃኒት ደግሞ ፈጽሞ የማይታለፍ የመጨረሻ ጣሪያ ማስቀመጥ። 38 ኪኒን የሚባል መጠን ሲስተሙ ላይ ጭራሽ መጻፍ መቻል አልነበረበትም።

ሰዓቱ የሚስተካከል ነው፤ «ጠዋት 2 ሰዓት» ተብሎ በቃል ይውጣ። የልደት ዓመቱም የሚሞላው በእኛ አቆጣጠር ይሁን፤ ፕሮግራሙ ራሱ ይቀይረው። የሚያስፈራኝ ስም ነው። ወርቅነህን አንዱ መዝጋቢ በላቲን ፊደል በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ ይጽፈዋል፤ ፍለጋው ባዶ ይመለሳል፣ አዲስ ካርድ ይወጣል። የፔኒሲሊን አለርጂው አሮጌው ካርድ ላይ ተቀበረ ማለት ነው። ስለዚህ ስም በግእዝ ፊደል ይመዝገብ፣ ሲፈለግ ሀን ከሐና ከኀ፣ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ አንድ አድርጎ ይቁጠር፤ ስልክ ይጨመር፣ ፋይዳ ላለው ባለ 12 አኃዙ ቁጥር።

ነርሷ፦

ሁሉም ይስተካከላል ይላሉ፤ መብራት ሲጠፋስ? ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይቆያል፣ ከተነሣም በኋላ ኔትወርኩ ላይመለስ ይችላል። በዚህ መሐል የሰጠሁትን መድኃኒት የት ልጻፈው? ብጣሽ ወረቀት ላይ። ሲስተሙ ሲመለስ ያልገባውን «አልተሰጠም» ይለዋል፣ ተረካቢዋ ነርስ ደግማ ትሰጠዋለች። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪን ወይም ኢንሱሊን ከሆነ አስቡት።

የይለፍ ቃልም አለ። ለአንድ ዋርድ አንድ ኮምፒውተር ከሆነ ሁሉም በአንድ ሰው ስም ከፍቶ ይሠራል፤ ከፊቱ የተተወው የሌላ ታካሚ ገጽ ነው፣ ማዘዣው እዚያ ላይ ያርፋል። አምባርም ቢሆን፣ ስካነሩ ሩቅ ከሆነ ትርፍ አምባር ታትሞ ጠረጴዛ ላይ ይለጠፍና ሁሉም እሱን ያነባል። ይህ በአሜሪካ ሆስፒታሎችም ታይቶ ተጽፏል፤ የእኛ ስንፍና ብቻ አይደለም።

የምለው፦ ወረቀቱ ይቆይ፣ ኮምፒውተሩ ጎን ለጎን ይሂድ።

ፋርማሲስቱ፦

ከሁሉ የሚብሰው እሱ ነው ሲስተር! ጠዋት ሐኪሙ ጋራማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ በኮምፒውተር ያቆማል፤ ወረቀቱ ላይ ግን መስመር አልተሰረዘበትም። ሁለት ማዘዣ ያለው ታካሚ ማዘዣ እንደሌለው ነው።

ለመብራቱ የተለመደ አሠራር አለ። በየፈረቃው መጀመሪያ የእያንዳንዱ ታካሚ የመድኃኒት ዝርዝር በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በሚያገለግል ባትሪ) በሚሠራ አንድ ላፕቶፕ ላይ ይቀመጥ፣ ይታተምም። መብራት ሲጠፋ የሚጻፈው በዚያው ቅጽ ላይ ብቻ ነው። ሲመለስ፣ አዲስ መጠን ከመሰጠቱ በፊት የተሰጠው ሁሉ ይግባ፤ ያስገባችው ነርስ ፈርማ ቅጹን ትዝጋ።

በሌላ ሰው ገጽ ላይ ማዘዝንም መለካት ይቻላል፤ ማንም ራሱን እስኪያጋልጥ አይጠበቅም። ሐኪሙ ያዘዘውን በ10 ደቂቃ ውስጥ ሰርዞ፣ በተከታዩ 10 ደቂቃ ያንኑ ለሌላ ታካሚ ካዘዘ፣ ሲስተሙ ይቁጠረው። ወረቀት ይህን ሊነግረን አይችልም።

ስለዚህ ዋርድ በዋርድ እንሂድ፤ ግን አንድ ዋርድ ሲዞር ወረቀቱ በዚያው ቀን ይውጣ። ከሕፃናት ክፍል ይጀመር፣ ስሕተቱ እዚያ ስለሚበዛ።

ነርሷ፦

ዋርድ በዋርድ መሄዱን እቀበላለሁ፤ ሁለት ማዘዣ ስለሚያመጣው ጣጣም አሳምነውኛል። ከሕፃናት መጀመሩን ግን በፍጹም። ክብደት በየቀኑ የሚለወጥበት፣ እያንዳንዱ መጠን በኪሎ የሚሰላበት ክፍል ሲስተሙን የምንለማመድበት ቦታ አይደለም። ከአዋቂዎች ቀዶ ሕክምና ክፍል ይጀመር፤ እዚያ ብዙው መጠን የታወቀ ነው፣ ሴፍትሪያክሶን 1 ግራም ከተባለ 1 ግራም ነው። ስካነሩም በየመድኃኒት ጋሪው ላይ ይሁን፣ ጠረጴዛ ላይ አይታሰር። ጣሪያው የተሠራው በትክክል መሆኑን እዚያ እናይና፣ 38 ኪኒን ብለን ሆን ብለን እንሞክረው። ከከለከለን ያኔ ስለ ሕፃናቱ እንነጋገራለን።