አይሲዲ-11 ስልጠናው ላይ ሐኪሙም ይቀመጥ

ባለፈው ሰሞን የአክስቴ ልጅ ከጎጃም ደወለና «እታለም፣ አንቺ እኮ እዛ አገር ስራሽ ይሄው ነው፣ እስቲ አንድ ነገር ላሳይሽ» አለኝ። ልጁ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ኤችአይቲ ነው፣ የጤና መረጃ ቴክኒሻን ማለት ነው፣ ደረጃ አራት ጨርሶ የገባ። ሊያሳየኝ የፈለገው የተመላላሽ ታካሚ መዝገቡን ነው፣ የሰው ስም እንዳትልክብኝ ብዬ ጮህኩበት፣ እሱም ሌላውን ሁሉ በወረቀት ሸፍኖ ሐኪሙ የበሽታውን ስም የሚጽፍበትን ዓምድ ብቻ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ከላይ እስከ ታች ኤኤፍአይ፣ ዩቲአይ፣ ኤኤፍአይ፣ ዲስፔፕሲያ፣ ኤኤፍአይ፣ ከዛ «ወባ» ተብሎ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት፣ ከዛ ደግሞ ዶሮ የጫረው የሚመስል ሁለታችንም ማንበብ ያቃተን ነገር። ዩቲአይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው፣ ዲስፔፕሲያ የጨጓራ አለመመቸት ነው፣ ኤኤፍአይ ማለት ግን በቃ ድንገተኛ ትኩሳት ማለት ነው፣ የምን ትኩሳት እንደሆነ የለም። የልጁ ጥያቄ «ለዚህ ምን ኮድ ልስጠው?» ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ፣ አይሲዲ የዓለም ጤና ድርጅት የሚያወጣው የበሽታዎች ዝርዝር ነው፣ ለእያንዳንዱ በሽታ በፊደልና በቁጥር መለያ ይሰጠዋል፣ አገሮች ስንት ሰው በምን እንደታመመና እንደሞተ የሚያወዳድሩት በሱ ነው። 11ኛው እትም ሜይ 2019 በዓለም ጤና ጉባኤ ጸደቀ፣ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ስራ ላይ ዋለ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ይቅርታ፣ ስራዬ አበላሽቶኝ ነው)። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴርም ከሱ አሳጥሮ ለአገሩ የሚሆን ዝርዝር አውጥቶ የጤና ተቋማት ወደሱ እንዲገቡ አድርጓል። ሜሪላንድ ቁጭ ብዬ በየቀኑ የሐኪም ካርድ እያነበብኩ ኮድ የማደርገው እኔ (ኮደር ይሉናል) ግን ዛሬም በ10ኛው ላይ ነኝ፣ አሜሪካ ገና አልተሻገረችም። ስለዚ በዚች ነገር ጎጃም ያለው ልጅ ቀድሞኛል ማለት ነው፣ ይሄን ስነግረው አላመነኝም።

እሱ ያላየው እኔ ግን ያየሁት አንድ ነገር አለ፣ ከአሮጌው ኮድ ወደ አዲሱ መሻገር ምን እንደሚመስል። አሜሪካ ከአይሲዲ-9 ወደ አይሲዲ-10 የተሻገረችው ኦክቶበር 1 ቀን 2015 ነው፣ አሮጌው ከ1979 ጀምሮ የነበረ ነው፣ እና የበሽታው ኮድ ከ14 ሺህ አካባቢ ተነስቶ ወደ 70 ሺህ ገደማ ዘለለ፣ ሆስፒታል ተኝቶ ለሚታከም ሰው የሚሰራው የኦፕሬሽን ኮድ ደግሞ ከ4 ሺህ ገደማ ከ70 ሺህ በላይ ሆነ። ያኔ ሁሉም ሰው የፈራው ቁጥሩን ነው። ስልጠናውም የተሰራው በዚሁ ፍርሃት ላይ ነው፣ መጽሐፉን ያዙ፣ ምዕራፎቹን ያዙ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኑ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሄድኩ። አስተማሪዋ ክፍሉን ለማንቃት የምትጀምረው በሚያስቀው ኮድ ነበር፣ ዳክዬ የመታው ሰው የራሱ ኮድ አለው፣ የአውሮፕላን ሞተር የሳበው ሰው ለክትትል ሲመለስ የራሱ ኮድ አለው፣ ከአማት ጋር አለመስማማት ራሱ ኮድ አለው (ይሄኛው ላይ ሐበሾቹ ከሁሉም በላይ ሳቅን)። ስቀን ስቀን ወደ ቤት ገባን። እስከዛሬ አንድም ዳክዬ የመታው ሰው አልገጠመኝም፣ አማቱን ይዞ የመጣም የለም፣ የገጠመኝ የእጅ አንጓ ስብራት ነው።

በአዲሱ ኮድ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ነው፣ ካርዱ ላይ ያለው ሁለት ቃል ነው፣ «የአንጓ ስብራት»፣ አለቀ። በድሮው ብዙ ሳልጨነቅ አሳልፈዋለሁ። በአዲሱ ግን ግራ ነው ቀኝ? የትኛው አጥንት? ቆዳውን በስቶ ወጥቷል ወይስ ተዘግቷል? አጥንቱ ቦታውን ለቋል ወይስ አለቀቀም? እነዚህ ሁሉ ኮዱ ውስጥ አሉ፣ ሰባት ቦታ ነው የሚሞላው። ለዶክተሩ ጥያቄ ላክሁ፣ ቀን ጠበቅሁ፣ ሁለት ቀን ጠበቅሁ፣ በአራተኛው ቀን «ኤክስሬዩን እይ» የሚል መልስ መጣ። ኮደር ኤክስሬይ አንብቦ በራሱ ኮድ መስጠት አይፈቀድለትም እኮ! ያንን ለዶክተሩ የነገረው ሰው የለም፣ ምክንያቱም ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ስንማር እሱ አልነበረም።

እኔም ብሆን ንጹህ አይደለሁም። የኮዱ መጨረሻ ላይ የምትገባ አንዲት ፊደል አለች፣ ኤ ከሆነች «የመጀመሪያ» ነው የሚላት መጽሐፉ፣ እኔ እንደ ሰው አማርኛ ተረድቼ የመጀመሪያ ጉብኝት መሰለኝ። በሽተኛው መጀመሪያ ድንገተኛ ክፍል ታይቶ ከሳምንት በኋላ ለኦፕሬሽን ሲመጣ ሁለተኛ ቀኑ ነው ብዬ ዲ አደረግሁበት፣ የክትትል ማለት ነው። ስህተት ነው። ኤ ማለት ህክምናው ራሱ ገና እየተሰራ ነው ማለት ነው፣ ስንተኛ ጊዜ መጣ የሚለው ጉዳይ አይደለም፣ ኦፕሬሽኑ ህክምናው ስለሆነ ኤ ነው፣ ዲ የሚመጣው በሽተኛው አጥንቱ እየጠገነ መሆኑን ለማየት ብቻ ሲመጣ ነው። ይሄን ከስልጠናው አልተማርኩም፣ ኮዱን አይቶ ሂሳብ የሚከፍለው ኢንሹራንስ ወረቀቶቼን ሲመልስብኝ ከአንዲት ትልቅ ሴትዮ ኮደር ነው የተማርኩት፣ ሃያ የኔን የተመለሱ ካርዶች ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ አሳየችኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ፈጀባት፣ ከቅዳሜዎቹ ሁሉ ይበልጣል።

ሌላው ጊዜ ነው። ሽግግሩ መጀመሪያ ለ2013 ነበር የተቀጠረው፣ ወደ 2014 ተገፋ፣ ከዛ ኤፕሪል 1 ቀን 2014 በተፈረመ ህግ እንደገና ለ2015 ተገፋ፣ ያውም በፈረንጆች የቀልድ ቀን። ቀድመው የሰለጠኑት ሰዎች አንድ ዓመት ሙሉ አልተጠቀሙበትም፣ እንጀራ ተጋግሮ ሌማት ውስጥ ስንት ቀን ይቆያል፣ ይሻግታል። ከኮሌጅ አዲሱን ብቻ ተምረው የወጡት ልጆች ደግሞ ስራ ሲገቡ አሮጌውን ተማሩ ተባሉ። ከዛ ቀኑ ሲደርስ ኤኤፒሲ የሚባለው የኮደሮች ማህበር ሰርተፊኬት ያለው ሁሉ 75 ጥያቄ ያለውን ፈተና እስከ 2015 መጨረሻ ይለፍ አለ፣ መጽሐፍ ከፍቶ የሚሰራ ፈተና ነው፣ አለፍን። ፈተናው ላይ ያሉት ታሪኮች ሁሉ ግን ግራ ቀኙ የተጻፈባቸው፣ የተሟሉ፣ የሚያምሩ ናቸው፣ እንደዛ ያለ ካርድ ስራ ላይ የት ይገኛል!

ለሐኪሞቹስ ምን ተደረገላቸው ብትሉ፣ ጁላይ 2015 ላይ ሜዲኬርን (የአሜሪካ መንግስት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን ነው) የሚያስተዳድረው መስሪያ ቤት ከአሜሪካ የሐኪሞች ማህበር ጋር ሆኖ ለአንድ ዓመት ያህል የሐኪሞች ሂሳብ ኮዱ ዝርዝር ስላልሆነ ብቻ አይመለስም፣ ከትክክለኛው የበሽታ ቤተሰብ ከሆነ ይበቃል ብሎ አወጀ። ደግነት ነው፣ አልክድም፣ ትንንሽ ክሊኒኮች ገንዘብ ቆሞባቸው እንዳይዘጉ ነው። ግን እኔ ባየሁት ያ ዓመት ሐኪሙን ያስተማረው «ያልተገለጸ» ብሎ መጻፍ ችግር እንደማያመጣ ነው፣ ኦክቶበር 2016 ላይ እፎይታው ሲያልቅ ጣጣው ማን ላይ ወደቀ፣ ኮደሩ ላይ።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። አይሲዲ-11 እውነቱን ለመናገር ጥሩ ነገር ነው፣ ለወረቀት ሳይሆን ለኮምፒውተር ታስቦ የተሰራ ነው፣ በነጻ ነው፣ ደግሞ ኮዱ ውስጥ ኦ እና አይ የሚባሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት አውጥተዋቸዋል ከዜሮና ከአንድ ጋር እንዳይምታቱ ብለው፣ ከእጅ ጽሑፍ ጋር ለኖረ ሰው ይቺ ትልቅ ነገር ናት። ሙሉው ዝርዝር ላይ ኮዶችን እንደ ሰንሰለት ማያያዝም ይቻላል፣ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር 5ኤ11 ነው፣ ስኳሩ ዓይኑን ነክቶት ከሆነ 9ቢ71.0 ይቀጠልበታል፣ የግራው ዓይን ከሆነ ለግራ የሚሆን ሌላ ይጨመራል። ቆንጆ ነው። ግን ሐኪሙ «ስኳር» ብቻ ብሎ ከጻፈ ምኑን ከምን ታያይዘዋለህ?

ወባንም እንይ፣ ይሄ እንኳን ለኛ አገር ቅንጦት አይደለም። በአይሲዲ-11 ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት 1ኤፍ40 ነው፣ ቫይቫክስ የሚባለው 1ኤፍ41 ነው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለቱም አሉ፣ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም፣ ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚመለስ ፕሪማኩዊን የሚባል ተጨማሪ መድኃኒት ይፈልጋል። የልጁ መዝገብ ላይ ያለው «ወባ» እና የጥያቄ ምልክት ነው። ላቦራቶሪው የትኛው እንደሆነ አይቶ ይሆናል፣ ውጤቱ ካርዱ ውስጥ ታጥፎ ይሆናል፣ መዝገቡ ላይ ግን አልደረሰም። ከዛ ወሩ ሲያልቅ ሪፖርቱ ይሄዳል፣ ግድግዳው ላይ «አስር ዋና ዋና በሽታዎች» ተብሎ ይለጠፋል፣ የሚቀጥለው ዓመት የመድኃኒት ግዢ ሲታሰብ ያቺን ቁጥር ነው የሚያዩት። «ድንገተኛ ትኩሳት» ተብሎ ዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ ምን መድኃኒት ነው የሚገዛለት እስቲ?

ልጁ ስልጠና አልወሰደም እንዴ ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀ። ስልጠናው አዳማ ሆቴል ነበር አለኝ፣ አምስት ቀን፣ ከነሱ ሆስፒታል የሄደው ሌላ ሰው ነው፣ መዝገቡን በእጁ የማይነካ። እሱ ተመልሶ ለነሱ ሲያስተላልፍ አምስቱ ቀን ግማሽ ቀን ኦረንቴሽን ሆነ፣ ፓወርፖይንቱ በፍላሽ ተሰጣቸው፣ በቃ። አበል ያለበት ስልጠና ላይ ማን እንደሚሄድ አገር ቤት የሰራ ሰው ያውቀዋል፣ እኔ ልዘርዝረው አልፈልግም። ሐኪም ከመካከላችሁ የሄደ አለ ወይ ስለው «ሐኪም ምን ያደርግለታል ይሄ፣ የኛ ስራ አይደል» አለኝ፣ ከሁሉ ያናደደኝ ይቺ ናት፣ ልጁ ራሱ አምኖበታል።

አውቃለሁ፣ አሁን አንድ ሐኪም ይሄን አንብቦ «በቀን የማየውን ሰው ብዛት አይተሽዋል ወይ፣ በር ላይ ተሰልፎ ግራ ቀኝ እያልኩ ልጽፍልሽ ነው?» ይለኛል። እውነቱን ነው። እኔ ሐኪሙ ኮድ ይሸምድድ አላልኩም፣ አምስት ቀን ሆቴል ይቀመጥም አላልኩም። የምለው ሁለት ሰዓት ነው፣ እዛው ሆስፒታሉ ውስጥ፣ ከኤችአይቲው ጎን ቁጭ ብሎ፣ ራሱ ባለፈው ወር የጻፋቸው ሃያ ካርዶች ስማቸው ተሸፍኖ ፊቱ ተዘርግተው፣ «ዶክተር ይሄን ምን ብዬ ላስገባው?» እየተባለ። ሐኪም በፓወርፖይንት አይሰማም፣ የራሱን ጽሑፍ ማንበብ ሲያቅተው ግን ይሰማል፣ እኔ አይቻለሁ፣ እዚህ የማውቀው አንድ ዶክተር የራሱን ካርድ አገላብጦ አገላብጦ አቅቶት ከዛን ቀን ጀምሮ ግራና ቀኝ መጻፍ ጀመረ።

ኤችአይቲውም ቢሆን ከኮዱ በፊት የሰው ገላ ነው መማር ያለበት። ጉበት የቱ ጋ ነው፣ ሬቲና የምን አካል ነው፣ አጣዳፊ እና ስር የሰደደ ምን ለየው። አይሲዲ-10 ሲመጣ እዚህ አገር ብዙ ሃያ ዓመት የሰሩ ኮደሮች ስራ የለቀቁት ኮዱ ስለበዛባቸው ሳይሆን የአናቶሚ ትምህርት እንደገና ተማሩ ሲባሉ ነው፣ ቢያንስ እኔ የማውቃቸው። ኮዱን ኮምፒውተሩ ይፈልግልሃል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ምን ብለህ እንደምትጽፍ ነው ማወቅ ያለብህ። ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚያዛውር ሰንጠረዥ ሲሰጡህ ደግሞ አትመነው፣ እኛም ተሰጥቶን ነበር፣ ለአንድ አሮጌ ኮድ አስር አዲስ ያወጣል፣ ከአስሩ የቱ እንደሆነ የሚነግርህ ያው ካርዱ ነው።

እና ልጁን እንዲህ አልኩት፣ ስልጠናውን አትጠብቅ፣ ከአለቃህ ፈቃድ ጠይቅና ከካርድ ክፍል ሃያ ካርድ እዛው ቢሮህ ሆነህ አውጣ፣ ስም አትገልብጥ፣ በየቀኑ አንድ ሁለት ስራ፣ ያልገባህን በወረቀት ጽፈህ ሐኪሙ ሻይ ሲወጣ ያዘው። እሺ አለ። በሁለተኛው ሳምንት ደወልኩለት፣ ስድስተኛው ካርድ ላይ ቆሟል። «የሆድ እብጠት» ነው የሚለው፣ ውሃ ይሁን እጢ አይታወቅም፣ የጻፈው ሐኪም ፈቃድ ላይ ስለሆነ ሰኞ እስኪመለስ እየጠበቀው ነው።