ጠቡ የጠባይ አይደለም

ሁለት ባልደረቦች ሆድና ጀርባ ሲሆኑ ሁላችንም አፍ ላይ ቶሎ የምትመጣ ነገር አለች፦ «ጠባያቸው አይገጥምም»። ከዚያ ወሬው ይደራል። እሱ ግትር ነው፣ እሷ ቁጡ ናት። አለቃም ሁለቱን ይጠራና «እባካችሁ ተስማሙ፣ ትልልቅ ሰዎች ናችሁ» ይላል። ይጨባበጣሉ። በሳምንቱ ያው ነው።

እኔ «ጠባይ» የሚለውን ምክንያት ማመን ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሶፍትዌር ሠርቶ ለደንበኛ የሚያስረክብ ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ዴቨሎፐርና የተጻፈውን የምትፈትሸው ቴስተር ዓይንህ ላፈር ተባብለዋል። መጀመሪያ ሰላምታ ቀረ። ቀጥሎ ኢሜይል ላይ ስም መጥራት ቀረና «ከላይ እንደተገለጸው» መባባል መጣ። በመጨረሻ አለቃን ሲሲ ማድረግ፣ ማለትም የኢሜይሉን ግልባጭ ለአለቃም መላክ፣ ተጀመረ። (አለቃ ሲሲ የተደረገ ዕለት ጠቡ በይፋ ተመርቋል በሉ።)

አንድ ቀን ስብሰባ ላይ የፕሮጀክቱ አስተባባሪ መካሰሱን አስቆመችና ዴቨሎፐሩን «መቼ ነው የምታስረክበው?» አለችው።

«በ20 አልኩ እኮ!»

«ለማን?»

«ለእሷ ነዋ።»

ቴስተሯ ቀና አለች። «በ20 እኮ ደንበኛው እጅ መግባት አለበት!»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ለሦስት ሳምንት እሱ «ታጣድፈኛለች»፣ እሷ «ያዘገየኛል» ሲሉ የከረሙት በዚህች ነው። ቀኑ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት። አስተባባሪዋ ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ጻፈች፦ 13 ለፍተሻ፣ 20 ለደንበኛ። ከዚያ ወዲህ ወዳጅ ሆኑ አልልም። ሲሲው ግን ቆመ።

ልብ በሉ፣ ማስማማት ብቻ ፈልጋ «በቃ 23 እናድርገው» ብትል ኖሮ ሁለቱም እሺ ይሉ ነበር። ከዚያ ደግሞ በ23 ይጣሉ ነበር። መሃል ላይ መገናኘት ፍትሐዊ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ለጠቡ ቀጠሮ መስጠት ነው።

ነገሩ የእኛ ቢሮ ጉድ ብቻ አይደለም። ታምሃይንና ዊልሞን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት፣ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጆች የሚገጥሟቸውን ግጭቶች በሰባት ምንጭ ከፍለው አይተዋል። ከላይ የተሰለፉት የጊዜ ሰሌዳ፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ሥራ እና የሰው ኃይል ናቸው። ጠባይ ከታች ነው። የሚገርመው ግን ፕሮጀክቱ ወደ ማብቂያው ሲጠጋ ጠባይ ከፍ ብሎ ከጊዜ ሰሌዳ ቀጥሎ ይመጣል። እኔ ይህን የምረዳው እንዲህ ነው፦ በጊዜው ያልተፈታ የቀን ጥያቄ ሲቆይ ሰው ሰው መሽተት ይጀምራል። መጀመሪያ «ሥራው ዘገየ» ነበር፤ በኋላ «አንተ ሰነፍ ነህ» ይሆናል።

ታዲያ እውነተኛ የጠባይ ችግር የለም? አለ እንጂ። ሰው የሚሳደብ፣ የሌላውን ሥራ የኔ ነው የሚል አለ። እሱን ለብቻ ጠርቶ ያደረገውን ነገር በስሙ መንገር ነው፤ በስብሰባ መሃል አይደለም። «ሁላችንም እንከባበር» ብሎ ለጠቅላላው ቡድን መናገርም ፋይዳ የለውም። ጥፋተኛው ነገሩ እሱን እንደማይመለከት እርግጠኛ ሆኖ ነው የሚያዳምጠው፤ ምንም ያላጠፋችው ግን ሌሊቱን ሙሉ ስታብሰለስል ታድራለች።

ዴቨሎፐሩ እስከ ዛሬ «እሷ ጭቅጭቅ ትወዳለች» ይላል። ቀጣዩ ፕሮጀክት ሲጀመር ዴድላይኑ ሲነበብ ግን መጀመሪያ እጁን ያወጣው እሱ ነው። «ይሄ ቀን ለቴስት ነው ለደንበኛ?»